በዚያ ስም እንዳትቀሰቅሺኝ

ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። የሆነውን ነው የምነግራችሁ። ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፤ እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ አላምንም ነበር።

ወሩ ዝናቡ ሳያባራ የሚውልበት የክረምት ወር ነው። ሰዓቱ ከምሳ በኋላ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። ቦታው ጉንሳን፣ በባሕር ጠረፍ ላይ ባለችው ከተማችን፣ የምሠራበት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል።

ጨለማ አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ሁሉም ነገር ነጭ፣ ንጹሕና ብሩህ ነበር...

እስካሁን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ታክ እባላለሁ። የሰመመን ሐኪም ነኝ። ሥራዬ ሰው ማስተኛት ነው ይላሉ፤ ውሸት ነው። ማስተኛቱ ቀላል ነው። ሥራዬ መቀስቀስ ነው።

መድኃኒቱ በትልቅ ሲሪንጅ ተሞልቶ ፓምፕ ላይ ይጫናል። ፓምፑ መጀመሪያ ይጠይቃል። ዕድሜ? ጾታ? ቁመት? ክብደት? ካልነገሩት አንዲት ጠብታ አይገፋም። ልክ ነው። የሁሉም ሰው ሰውነት አንድ አይደለም። ሽማግሌ በትንሹ ይተኛል፤ መድኃኒቱም ቶሎ አይለቀውም። ትንሽ ልጅ ግን በክብደቱ ልክ ሲሰላ ብዙ ይፈልጋል፤ ቶሎም ይጨርሰዋል። ሴት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከወንድ ቀድማ ትነቃለች። ለምን እንደሆነ ዛሬም አጥርተን አናውቅም።

የኛ ፓምፕ የተሠራው ለአዋቂ ብቻ ነው። ዕድሜው ከአሥራ ስድስት በታች ከሆነ ይጮሃል እንጂ አይቀበልም።

ይህችን ነገር ያዙልኝ።

የዚያን ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ የመርከብ አናጢ አስተኝቼ ነበር። የሐሞት ከረጢት ጠጠር ነው። በትንሽ መድኃኒት ጭልጥ ብለው ተኙ። ሲነቁ ደግሞ እንደ ዕድሜያቸው ቆይተው፣ እንደ ወንድነታቸው እየተነጫነጩ ነቁ።

«መቼ ነው የምትጀምሩት?» አሉኝ።

«ጨርሰናል እኮ አባባ።»

«ቀልደኛ ነሽ።»

ቀጣይዋ በሽተኛ የእሳቸው እኩያ ናት። ያው ጠጠር፣ ያው ክብደት። ሴት ስለሆነች ትንሽ ቀደም ብላ ትነቃለች ብዬ አሰብኩ። ሌላ ልዩነት አልጠበቅኩም።

ሴትዮዋን ቀዶ ሕክምናው በር ላይ አልጋ ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። ትንሽዬ ናቸው። ጸጉራቸው አጭር፣ የተጠቀለለ፣ በረዶ የመሰለ። አጠገባቸው ልጃቸው ሶራ ቆማለች፤ ዓሣ ገበያ የምትሠራ ሃምሳ ያለፋት ሴት።

«እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«የትኛውን ልንገርሽ ልጄ? የወረቀቱን ነው የኔን?»

አልገረመኝም። በእሳቸው ዘመን ከከተማችን ፊት ለፊት ባሉት ደሴቶች ላይ ከተወለዱት ብዙዎቹ ሁለት ዕድሜ አላቸው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ደግሜ የምጠይቀው።

«ሁለቱንም ይንገሩኝ።»

«ወረቀቱ ሰባ ስምንት ይላል። እኔ ሰባ ሦስት ነኝ። ከኔ በፊት አንዲት እህት ነበረችኝ፤ በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰዳት። አባቴ ሞቷን አላስመዘገበም። ጽሕፈት ቤቱ በጀልባ ነው የሚኬደው፤ ማን ይሄዳል? እኔ ስወለድ ያንኑ ወረቀት ለኔ አደረገው። ከነስሙ።»

«እንደ አሮጌ ጫማ!» አለች ሶራ እየሳቀች። «እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ጫማ ነው የሄደችው።»

«አፍሽን ያዥ አንቺ። ዓሣውን እንኳ ሳይሞት በወሬ የምትገድዪ...»

ሰባ ሦስት ብዬ ያዝኩ። ለኔ ሥራ የሚጠቅመው የሰውነቱ ዕድሜ ነው።

ልሄድ ስዞር እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነው።

«አንድ ነገር...» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስትቀሰቅሺኝ በዚህ ስም እንዳትጠሪኝ።»

የእጃቸውን የሆስፒታል አምባር አሳዩኝ። ጽሑፉን ወደ ውስጥ ገልብጠውት ኖሯል።

«ማ ቦክሲል» ይላል።

«ታዲያ ማን ልበልዎት?»

«የሶራ እናት በይኝ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለኝ። ባሌም እስኪሞት ድረስ እንደዚያው ነበር። ልጅ ሳለሁ እናቴ ኮንጊ ትለኝ ነበር... ባቄላዬ ማለቷ ነው። ትንሽ ነበርኩና።»

«ትምህርት ቤትስ?»

«እዚያማ ነቅቼ ነው። ቦክሲል ሲሉኝ አቤት እላለሁ። ተኝቼ ግን ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። እናቴ ከልክላ ነበር። አንዴ ብቻ...»

አምባሩን መልሰው ገለበጡት።

«አንዴ ምን?»

«ስድስት ዓመቴ ነው። አባቴ ጠጥቶ መጣና በሩ ላይ ቆሞ ‹ቦክሲል! ተነሺ!› አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ሲነጋ ጓሮ፣ የአኩሪ አተር ሶስ ከሚቀመጥባቸው ጋኖች መሃል፣ ጉልበቴን አቅፌ ቁጭ ብያለሁ። እናቴ እግሬን ይዛ ታለቅሳለች። ምን እንደሆነ ብጠይቃት አልነገረችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እጇን ጆሮዬ ላይ ሳትጭን ተኝታ አታውቅም።»

ሶራ መሳቋን አቆመች።

«ይህን ነግረሽኝ አታውቂም እማዬ።»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩና ፈገግ አሉ። «ከነጋ ጠብታ ውኃ አልቀመስኩም። ስነቃ መጀመሪያ የገብስ ሻይ ነው የምፈልገው። ሙቅ።»

ቃል ገባሁ። ነጭ ፕላስተር ላይ «ስትነቃ የሶራ እናት በሏት» ብዬ ጽፌ አልጋው ራስጌ ላይ ለጠፍኩ። ማገገሚያ ክፍል ላለችው ለነርስ ኩክም ደወልኩ። ነርስ ኩክ ከኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ሰው በመቀስቀስ እሷን የሚያህል የለም።

«እሺ፣ የሶራ እናት» አለችኝ። «ይልቅ አናጢሽን ውሰጂልኝ። እስካሁን ‹መቼ ነው የምትጀምሩት› እያለኝ ነው።»

ሳቅን።

የዚያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ፓምፑ ላይ ሰባ ሦስት፣ ሴት ብዬ ሞላሁ። ግንባራቸው ላይ የአንጎል ሞገድ የሚያነበውን ስስ ላስቲክ ለጠፍኩ። መድኃኒቱ ጀመረ። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ወዲያው ዓይኑ ይከብደዋል።

የእሳቸው አልከበደም።

ጣሪያውን ያያሉ።

ጨመርኩ።

ያያሉ...

ከፓምፑ የሚወጣውን ቱቦ ፈተሽኩ። ደም ሥሩን ፈተሽኩ። መርፌው ቦታው ላይ ነው። ሲሪንጁ ይገፋል። መድኃኒቱ እየገባ ነው።

«ዶክተር ታክ» አለ ቀዶ ሐኪሙ ቢያን እጁን ታጥቦ ቆሞ፣ «ዛሬ ውኃ ነው እንዴ የምትሰጪያቸው?»

«ትንሽ ታገሠኝ።»

እንደገና ጨመርኩ። ለጎረምሳ የምሰጠው ልክ ደረሰ። አለፈ።

በመጨረሻ ዓይናቸው ተከደነ። ሒሳቡን በልቤ ሠራሁ፤ ልማዴ ነው። ይህን ያህል መድኃኒት፣ ለዚህ ክብደት...

ለአራት ዓመት ልጅ የምሰጠው ልክ ነው።

ሰው የእንቅልፍ ክኒን ሲለምድ እንደዚህ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ክኒን እንደማይወስዱ ግን ጠይቄያቸው ነበር።

ስክሪኑን አየሁ። በዚህ መድኃኒት የተኛ የሽማግሌ አንጎል ሞገዱ ዝቅ ያለ፣ የሳሳ ነው። የልጅ ግን እንደ ተራራ ከፍ ከፍ ይላል። ልጆች በማስተኛበት ቀን የማየው ስለሆነ አልስተውም።

የእሳቸው ተራራ ነበር።

የልብ ምታቸውም ፈጠነ። የሰውነታቸው ሙቀት ቶሎ ቶሎ ወረደ፤ ትንንሽ ልጆች ሲገለጡ እንደሚቀዘቅዙት። ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። ከላይ ተሸፍነው ሳያቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ያለው አካል... አጠረብኝ።

ዓይኔ ነው አልኩ።

ቢያን ጠጠሩን አወጣ። ሰፋ። ጓንቱን አወለቀና ሄደ። እኔ ፓምፑን አጠፋሁ። ትንፋሻቸው በራሱ ሲመለስ ከጉሮሯቸው የመተንፈሻ ቱቦውን አወጣሁ።

«የሶራ እናት... የሶራ እናት፣ አልቋል። ዓይንዎን ይግለጡ።»

ምንም።

ወደ ማገገሚያ ክፍል ወሰድናቸው። ነርስ ኩክ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገች። «የሶራ እናት! ዓሣው ሊያመልጥ ነው፣ ተነሺ!» ሌላው በሽተኛ ሁሉ ቀና አለ። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። አናጢው ከወዲያ አልጋ «እኔን ነው?» አሉ።

አልደነገጥኩም። ያን ሁሉ መድኃኒት የወሰደ የሰባ ሦስት ዓመት ሰውነት ቶሎ አይነቃም። ግንባራቸው ላይ ያለውን ላስቲክ አልነቀልኩትም፤ ሞገዱን እያየሁ ጠበቅኩ።

ከዚያ አንድ ጥሩ ሐሳብ መጣልኝ። ደግ ሐሳብ። የተኛች እናት የልጇን ድምፅ ትሰማለች።

«ልጃቸውን አስጠሪልኝ» አልኳት ነርስ ኩክን።

ስልኩን አነሳች። «ከሦስተኛው ክፍል የወጡትን በሽተኛ አስታማሚ ላኩልን» አለችና ዘጋች።

የድምፅ ማጉያው ደወል ሲሰማ ነው የገባኝ።

በሩ ላይ፣ ልክ ከአልጋው በላይ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ አለ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ እኛ አልጋ ላይ የለጠፍነውን አላየችም። እሷ ያላት ስክሪኑ ላይ ያለው ስም ነው።

ዘልዬ ጆሯቸውን ልሸፍን እጄን ዘረጋሁ።

አልደረስኩም።

«የማ ቦክሲል አስታማሚ... የማ ቦክሲል አስታማሚ... ወደ ማገገሚያ ክፍል ይምጡ።»

ዓይናቸው ተገለጠ።

ከሰመመን የሚነቃ ሰው እንደዚያ አይነቃም። ሽፋሽፍቱ ይከብደዋል፤ ዓይኑ ይዋልላል። እነዚህ ዓይኖች ግን በአንድ ጊዜ ተገለጡ። ንጹሕ። ንቁ። እኔን ፈልገው አገኙኝ።

ከዚያ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። ሆዱ ገና አሁን የተሰፋ ሰው... አንዳች ሕመም ፊቱ ላይ ሳይታይ... ጉልበቱን አገጩ ድረስ ሳበና በሁለት እጁ አቀፈው።

«ተነሳሁ» አሉ።

ድምፁ የእሳቸው አልነበረም። ቀጭን ነው። የትንሽ ልጅ።

ነርስ ኩክ ሳቀች። ሽማግሌዎች ሲነቁ መቀባዠር ያለ ነው። እንደ ደንቡ መጠየቅ ጀመረች።

«ስምዎ ማነው?»

«ቦክሲል።»

«ዕድሜዎስ?»

አውራ ጣታቸውን ወደ ውስጥ አጠፉ። አራት ጣት አሳዩን።

«የት ነው ያሉት?»

«ጋኑ ውስጥ» አለች። «ክዳኑ ከብዷል።»

የነርስ ኩክ ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ዶክተር...» አለችኝ በሹክሹክታ። «እኛ ደሴት ድሮ ትንሽ ልጅ ሲሞት በጋን ነበር የሚቀበረው። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጫናል።»

«ለምን ድንጋይ?»

«አውሬ እንዳያወጣቸው ነው ይሉናል።» ወደ አልጋው አየች። «ይሉናል።»

ሶራ እየሮጠች ገባች።

«እማዬ! እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

አልጋው ላይ ያለችው አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየቻት። ሰው ለማያውቀው እንግዳ እንደሚያደርገው።

«አንቺ ማነሽ?»

«ሶራ ነኝ... ልጅሽ...»

«እኔ ልጅ የለኝም። የኮንጊ ነሽ።»

ሶራ አልጋውን ያዘች። ያን ስም ሴትዮዋ ሲወለዱ እናታቸው ናት ያወጣችላቸው። ያን ጊዜ እህታቸው ከሞተች ዓመት አልፏታል።

«ኮንጊ የት አለች?» አልኳት። እርስዎ ማለቴን መቼ እንደተውኩ አላውቅም።

«ተኝታለች።» ፈገግ አለች። «ትተኛ። እሷ ብዙ ነቅታለች። አሁን የኔ ተራ ነው።»

ሶራ የነጭ ካባዬን ደረት ጨመደደች። «መልሰሽ አስተኚያት። አስተኚያትና በትክክለኛው ስሟ ቀስቅሽልኝ። እባክሽ ዶክተር። እናቴን መልሽልኝ።»

ትንሽ ሲሪንጅ ኪሴ ውስጥ ነበር። መድኃኒቱም አለ።

ግን ስንት?

ለሰባ ሦስት ዓመት ሴት የሚበቃውን ብሰጥ ይህቺ ዓይኗን አትከድንም። አይቻታለሁ። ለአራት ዓመት ልጅ የሚበቃውን ብሰጥ፣ ልቡ የሰባ ሦስት ዓመት ነው። ቅድም ያን ያህል ወስዷል። ሁለተኛ አይችልም። ይቆማል።

አንድ ሰውነት። ሁለት ዕድሜ። እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚያወጣ ፓምፕ የለም።

በእጄ ልሰጥ ወሰንኩ። ጠብ እያደረግኩ፣ እያየሁ።

«ሶራ፣ ጆሮዋን ሸፍኚ። ሁለቱንም። እኔ ሳልነግርሽ እንዳትለቂ።»

ሶራ መዳፎቿን የእናቷ ጆሮ ላይ ጫነች። አልጋው ላይ ያለችው ልጅ ያኔ ፈራች። ጉልበቷን ለቃ እጄን ያዘችኝ።

«አልተኛም... አትክደኚብኝ...»

ገፋሁ። ትንሽ።

«ጨለማ ነው እኮ...»

ገፋሁ።

ሞገዱ አሁንም ተራራ ነው። የደም ግፊቱ ግን መውረድ ጀመረ። ነርስ ኩክ ኦክስጅኑን አደረገችላት፤ የአልጋውን እግርጌ ከፍ አደረገች። ድምፅ አታሰማም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ገፋሁ።

ግፊቱ ወረደ። ግፊት የሚያነሳውን መድኃኒት በሌላው እጄ ሰጠሁ። ማንቂያው መጮህ ጀመረ። ዓይኖቹ ገና እያዩኝ ናቸው፤ እንባ ሞልቷቸዋል። የልጅ እንባ ነው። ክፉ ነገር ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር...

ገፋሁ።

ተራራው ተናደ። ሞገዱ ዝቅ አለ። ሳሳ። የሽማግሌ ሆነ።

የያዘኝ እጅ ተፈታ።

«አሁን!» አልኳት።

ሶራ መዳፏን አንስታ አፏን እናቷ ጆሮ ላይ አደረገች። እናቷን ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ስም ጠርታት አታውቅም።

«ኮንጊ... ኮንጊዬ... ተነሺ። ነግቷል።»

ምንም።

«ኮንጊ!»

ግፊቱ ቀስ እያለ ተመለሰ። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ጠበቅን። እንደ አሮጊት ቆዩ። ሽፋሽፍታቸው ተንቀጠቀጠ፤ ተከደነ፤ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ዓይናቸው ዋለለ። ሆዳቸው ሲያማቸው ፊታቸው ተኮማተረ። ያን ሕመም ሳይ ከደስታዬ ብዛት ማልቀስ ዳዳኝ።

«ሶራ...» አሉ ሻከር ባለ ድምፅ። «የገብስ ሻዩስ?»

ሶራ ተንበርክካ እጃቸው ላይ ተደፋች። ነርስ ኩክ መቀስ አምጥታ አምባሩን ቆረጠችው፤ ደንብ መጣሷ ነው፤ ማንም አልተናገራትም። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ የድምፅ ማጉያውን ሽቦ መዘዘችው።

ሴትዮዋ ምንም አላስታወሱም። ደህና ሆነው ወጡ። ሶራ በሳምንቱ የደረቀ ዓሣ ይዛልኝ መጣች። ማታ ማታ እናቷ አጠገብ እየተኛች ነው፤ እጇን ጆሯቸው ላይ አድርጋ። ሁሉም ነገር ደህና ነው አለችኝ።

ደህና ነው።

እኔ ግን የምነግራችሁ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለሶራ አልነገርኳትም።

በማግስቱ ጠዋት ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ለሌላ በሽተኛ ላዘጋጅ ብቻዬን ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገባሁ። ፓምፑ በርቶ አገኘሁት። ማታ አጥፍቼዋለሁ። ሲሪንጅ አለበት፤ እኔ አልጫንኩም።

ስክሪኑን አየሁ።

ዕድሜ፦ 4። ጾታ፦ ሴት። የክብደቱ ቦታ ላይ፦ 0።

አልጮኸም። ተቀብሎታል።

ይሠራል... ሲሪንጁ ቀስ እያለ ይገፋል። ግማሹ አልቋል። ከእሱ የወጣው ቀጭን ቱቦ ባዶው አልጋ ጎን ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ክፍት ነው፤ ማንም ላይ አልተሰካም።

ተንበረከኩ። ከቱቦው ጫፍ ሥር ወለሉን በመዳፌ ዳሰስኩት።

ደረቅ ነበር።